ብድግ ለማለት

ማህፀኗ ወርዶ ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ፣ ሐኪሟ እንዳዘዘቻት፣ ሽንት እንደሚቋጥር ሰው የታች ጡንቻዋን ስታጠብቅ ስትለቅ ከርማለች፤ ወጥ እያማሰለች እንኳ። ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ቤቷ በእንግዳ እንደተሞላ አማቷ ገቡ። ድሮ ብድግ ስትል ሽንቷ ስለሚያመልጣት ለታላቅ አትነሳም ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ኩሩ ይላታል። አማቷ ደግሞ ቤቷ መጥተው አንድ ቀን ቁጭ ብለው አያውቁም፤ የናቋት ይመስላት ነበር።

«ዛሬም ቢያመልጠኝስ?»

ጡንቻዋን አጠበቀችና ተነሳች።

«ኖር፣ እማማ!»

አማቷ «በእግዜር» አላሉም። የተነሳችበትን ሶፋ ትክ ብለው አዩት። ደረቅ ነው። ሊስሟት ጎንበስ አሉና በጆሮዋ፣

«ማን አዳነሽ ልጄ? እኔንም ውሰጂኝ» አሏት።