ወረቀት ላይ አይጻፍም

የታክሲ ሾፌሮቹ እድር ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ወደ ዲጂታል ቦርሳ ያዛወረው በጸሐፊዋ ጉትጎታ ነው። «ጌታ የለበትም፤ ቦርሳው የሁላችንም ነው። አሠራሩም ላየው ሁሉ ክፍት ነው» ስትል አባላቱ አጨበጨቡላት። የተደበቀ ነገር ቢኖር ቦርሳውን የሚከፍቱት አሥራ ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ። እነሱን በቅደም ተከተላቸው የሚያውቅ ሰው የትም ሆኖ ገንዘቡን ጠራርጎ መውሰድ ይችላል።

ቃላቱን እንዲይዙ ሰብሳቢው ጋሽ ዳምጠው ተመረጡ። ጸሐፊዋ በር ዘግታ ዝናብ፣ በር፣ ጎማ፣ ጉንዳን እያለች እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው።

«ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ለባለቤትዎም ቢሆን አይነገርም።»

«ለማንም ትንፍሽ አልልም፣ ልጄ። እንዳልረሳው ግን መላ አበጅለታለሁ» አሉ።

በወሩ ስብሰባ ጋሽ ዳምጠው ሊመርቁ ተነሡ።

«ዝናቡ የበረከት ይሁን።»

«አሜን» አለ አዳራሹ።

«በራችሁ እንግዳ አይጣ።»

«አሜን።»

«ጎማችሁ አይተንፍስ።»

የጸሐፊዋ እጅ እንደ ተዘረጋ ደርቆ ቀረ።

«እንደ ጉንዳን ያብዛችሁ።»

አሥራ ሁለተኛው አሜን ላይ ሽማግሌው ቀና ብለው በኩራት ጠቀሷት። አጠገቧ ወደተቀመጠው ገንዘብ ያዥ ዞረች።

«ይሄን ምርቃት ዛሬ ነው የጀመሩት?»

«የት ነበርሽ? ሰርግም ሄዱ ክርስትና የሚመርቁት ይሄንኑ ነው። ሰው እንዴት እንደወደደው» አላት።

ወዲያው ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

«ዝናቡ የበረከት ይሁን» አለ ስልኩ፣ በጋሽ ዳምጠው ድምፅ።

«አሜን» አለ አዳራሹ።