የክርን ልክ

በሰው ወጥ ቤት አሮጊት ምን ትሠራለች? አያት ይህን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ሲያመነዥጉት መጡ። የልጅ ልጃቸው በቅርቡ በገዛችው ቤት አብረዋት እንዲኖሩ ብትለምናቸውም፣ ሸክም መሆን ፈርተው "እስቲ ልየው" ከማለት አላለፉም ነበር። አሁን በዚሁ ቤት ወጥ ቤት፣ ልጅቱ የቀጠረችው ግንበኛ አሮጌውን የመክተፊያ ጠረጴዛ ነቅሎ፣ ጠመኔ ይዞ ባዶው ግድግዳ ሥር ቆሟል።

"የምታበስለዋ ትምጣና ክርኗን ልለካ፤ የጠረጴዛው ከፍታ የሚወጣው በሱ ነው" አለ።

ልጅቱ አያቷን በትከሻቸው ይዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋቻቸው።

"ኧረ ተይኝ፣ አንቺ ቁሚ! ባለቤቷ አንቺ አይደለሽ?" እያሉ ተግደረደሩ። ግንበኛው ግን ክርናቸውን አጠፍ አስደርጎ ከሥሩ መስመር አሰመረ። ቀና ብሎ ዘንካታዋን ልጅ አየና ሳቀ።

"እህቴ፣ ይሄማ ላንቺ ጉልበትሽ ጋ ነው። ወገብሽን አትፈልጊውም?"

"እኔ ጎንበስ እላለሁ። እማማ ከምትንጠራራ እኔ ልጉበጥ" አለችው። "ደሞስ እንቁላል ከመጥበስ ሌላ ምን አውቃለሁ?"

አያት መስመሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ድስቶቻቸውን ሸክፈው ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።