የስንዱ ልብ

በዚያ ዘመን ሚስቱን የመታ ባል «የባሎች ማረሚያ» ሲገባ፣ ቤት የቀረችውን ሚስቱን የልብ ምት እየተከተለ የሚመታ አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል። ቢተው የተባለው ባል ማረሚያው የገባ ሰሞን፣ አንጓው ላይ ያለው አምባር እንደ ደነበረ ፈረስ ይጋልብ ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ረግቷል።

«እስቲ ዳስሱት!» አለ፣ ክብ ሠርተው ለተቀመጡት ባሎች እጁን እየዘረጋ። «ተለውጫለሁ ስል አላመናችሁኝም። ይኸው፣ የራሷ ልብ መሰከረልኝ!»

ባሎቹ አጨበጨቡለት። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ጽጌማርያምም «አምባሩ ለጊዜው እጅህ ላይ ይቆይ» ብላ መርቃ አሰናበተችው።

ቤቱ ሲቃረብ የሬዲዮ ዘፈን ሰማ። ሚስቱ ስንዱ ድምፅዋን ለቃ አብራ ትዘፍናለች። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ስትዘፍን ሰምቷት አያውቅም።

«መምጣቴን ሰምታ ነው» ብሎ ደረቱን ነፋ። እንደ ልማዱም አጥሩ ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሬዲዮው ጠፋ። ዘፈኑም ጠፋ። አምባሩ መጋለብ ጀመረ።

ስንዱ በሩን ከፍታ ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ አለችለት። «እንኳን ደህና መጣህ! እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታውቅ!»

ቢተው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አምባሩ እዚያም ገብቶ ይጋልባል።