በራሱ ስልክ አንደኛ የወጣው ሰውዬ

«ጉግል ላይ አንደኛ የምወጣው እኔ! ሰው የሚጭነው አንተ! ይህ ሌብነት ካልሆነ ምንድን ነው?»

ይትባረክ የጋሽ ገድሉን ኮሌታ አንቆ ይዟል...

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ጀልባ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል።

«አንተ ልጅ ልቀቀኝ። እኔ ያለኝ ጀልባ ነው እንጂ ጉግል የለኝም!» አሉ ጋሽ ገድሉ።

እስከ ትናንት «እርስዎ» ሲላቸው የነበሩትን ሽማግሌ ነው ዛሬ «አንተ» የሚላቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው...

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ይትባረክና ታናሽ እህቱ የሺመቤት ከአባታቸው አንድ የሞተር ጀልባ ወርሰዋል። እሱ ይነዳል። እሷ ስልክ ታነሳለች፣ ለጀልባዋ የከፈቱትን ትንሽ ዌብሳይትም ትጽፋለች።

ባለሙያ አልቀጠሩም። ዘዴዋ ቀላል ነው... ሰው ደውሎ የጠየቃትን ነገር ርዕስ ታደርገዋለች፣ ከሥሩ መልሱን ትጽፋለች።

«ሴት የሚገባበት ገዳም የትኛው ነው?»

«ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ለምን ይናወጣል?»

«ወደ ጎርጎራ በጀልባ መሄድ ይቻላል?»

በቃ። ሰውም ጉግል ላይ የሚጽፈው ያንኑ ጥያቄ ስለሆነ የእነሱ ገጽ ከላይ ይወጣል፣ ደንበኛ ይመጣል።

አንድ ቀን ይትባረክ ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ አየና ሊቅ ሆኖ ተነሳ።

«ገበያችንን የዘጋው ያንቺ ወሬ ነው! ጉግል የሚፈልገው ቁልፍ ቃል ነው!»

የጻፈችውን ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። በምትኩ ምን ጻፈ?

«ምርጥ ጀልባ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ምርጥ ጀልባ፣ ጣና ምርጥ ጀልባ...» እስከ ገጹ መጨረሻ። ለማኝ እንኳ እንዲህ አይደጋግምም!

«ወንድም ጋሼ፣ ሰው ይህን አንብቦ ምን ያገኛል? ሌላው ቢቀር የገዳሙን መልሰው። እናቶች በጣም ይጠይቁኛል።»

«ውጪልኝ! በአባቴ ጀልባ ላይ አዛዥ አልፈልግም። እዚህ ወደብ እንዳላይሽ!»

በጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ፊት። ጀልባዋ የእሷም አባት ጀልባ መሆኗን ረስቶት...

ሄደች። አንድ ክፉ ቃል አልመለሰችም። እኔ ብሆን ኖሮ ሐይቁ ውስጥ ነበር የምገፈትረው።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ እየቀጠነ ሄደ። ይትባረክ ግን ጠዋት ጠዋት ስልኩን ያወጣና «የጣና ጀልባ» ብሎ ይፈልጋል...

አንደኛ! የእሱ ገጽ ከሁሉም በላይ!

«እኔ አንደኛ ከሆንሁ ሰው የት ገባ? ገድሉ ነው መንገድ ላይ የሚጠልፍብኝ!» አለ። በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ ኮሌታ ያነቀው።

አጠገባቸው አንዲት ሴት አሮጊት እናቷን ደግፋ ቆማለች። ሔራን ትባላለች። እናቷ ስለት ሊያደርሱ ከአዲስ አበባ አብረዋት መጥተዋል።

«እህቴ፣ ነይ ፍረጂ! በስልክሽ 'የጣና ጀልባ' ብለሽ ፈልጊ። አንደኛው ማነው?»

ፈለገች። ወደ ታች ወረደች... ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች...

«አንተ የለህም።»

ሰው ሳቀ።

«ስልክሽ የተበላሸ ነው! ሌላ ስልክ አምጡ!»

ሌላ ሰው ፈለገለት። አሁንም የለም።

«ቀኑን ሙሉ የራስህን ገጽ ስትከፍት ስለምትውል እኮ ነው» አለችው ሔራን። «ስልክህ የምትወደውን አውቆ ነው የሚያሳይህ።»

ቀጠለች... «እኛ ሴት የሚገባበት ገዳም ስንፈልግ መጀመሪያ የወጣልን ይኼ ገጽ ነው። መልሱ በደንብ ተጽፏል። ከሥሩ የጀልባ ስልክ አለ፤ ከቅድም ጀምሮ ብደውል አይነሳም።»

እንደገና ደወለች።

በይትባረክ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ...



ጋሽ ገድሉ ኮሌታቸውን አስተካከሉ። «የጻፈችው እህትህ ናት። ካባረርሃት ወዲህ የራሷን ገጽ ከፍታ ያጠፋህባትን ሁሉ እንደገና ጻፈችው። የእኔን ቁጥር አስገቢልኝ ብዬ ለምኛት ነበር። 'የአባቴ ጀልባ ቆማ አትቀርም' ብላ ያንተን አስገባች። የሚመጡልህ ጥቂቶቹም የእሷ ናቸው።»

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ያፍራል። ያለቅሳል።

ይኼ ግን ደወለላት! ሰው ሁሉ ይስማ ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ...

«ማን ፈቅዶልሽ ነው በቁጥሬ የምትነግጅው? ሌባ! ገጹን አሁኑኑ አስረክቢኝ!»

ወርቅ ላበደረ ጠጠር...



«ይትባረክ...» አለችው የሺመቤት። «ወንድም ጋሼ» ቀረ። «ገጹን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ የእኔ ነው። ቁጥሩ ግን ያንተ ነው። እሱን እመልስልሃለሁ።»

ዘጋችው።

ብዙም አልቆየ፣ ሔራን ገጹን እንደገና ከፈተችና ደወለች።

አሁን የጮኸው የጋሽ ገድሉ ስልክ ነው።

የሔራን እናት ወደ ጀልባው እየገቡ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እህትህን ይቅርታ ጠይቃት።»

«አያገባዎትም!»

የጋሽ ገድሉ ጀልባ ሄደች። ይትባረክ ዳር ላይ ቀረ። ስልኩን አወጣና ፈለገ...

አሁንም አንደኛ ነው።

ወገኖቼ፣ በገዛ ስልኩ አንደኛ የማይወጣ ሰው የለም! ማን እንደሆናችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ በሰው ስልክ ፈልጉ። በር የዘጋችሁበት ሰው ይሆናል እስካሁን እንጀራችሁን የሚልክላችሁ።

«ሥጋዋ ነው፣ ትለፈው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተን ሳነብ ደሜ ይፈላል፣ ግን ጻፉ...

እናንተ የሺመቤትን ብትሆኑ ቁጥሩን ታወጡት ነበር ወይስ ትተዉለት ነበር?