ክብደት የሌለው ሕንጻ

ቁጥሩ ማነሱን ያየችው የናሙና ሕንጻውን የስሌት ፋይል ለአርባ ሁለቱም አባላት ከላከች በኋላ ነው። ስብሰባው ተበትኗል። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት እሷ፣ የፕሮጀክተሩን ገመድ የምትጠቀልለው ልጇና የብስኩቱን ሳሕን ለብቻው የያዘው ሰብሳቢ ናቸው። ላፕቶፑን ልትከድን ስትል ዓይኗ የፋይሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ አረፈ። የሕንጻው ጠቅላላ ክብደት፣ ስድስት ሺህ ኩንታል ይላል።

መሐንዲስ አይደለችም። ትምህርቷ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የቆመ፣ በአንድ የግንባታ ቢሮ ውስጥ የኮንክሪትና የብረት ልክ ስትተይብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረች ጸሐፊ ናት። ወደዚህ ቡድን ጎትታ ያስገባቻት መሐንዲሷ ልጇ ናት። በአንድ ዓይነት የሕንጻ ስሌት ሶፍትዌር የሚሠሩ መሐንዲሶች በወር አንድ ቀን እየተገናኙ ዘዴና ፋይል ይለዋወጣሉ፤ እሷ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፣ ፋይል ትልካለች። ከሁሉም ነገር ክፉውን ስለምትጠብቅ «ሴፍቲ ፋክተር» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የሚጨመር ጥንካሬ ማለት ነው። አብራቸው ትስቃለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ግን ከልቧ አታወጣም።

ሂሳቡን በጣቷ ያዘችው። ናሙናው ሕንጻ ስምንት መቶ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈጃል። አንዱ ሜትር ኩብ ሃያ አምስት ኩንታል ይመዝናል። ኮንክሪቱ ብቻውን ሃያ ሺህ ኩንታል ሊሆን ነው። ፋይሉ የጡቡን፣ የንጣፉንና የጣሪያውን ቆርቆሮ ክብደት ቆጥሮ ሕንጻውን ራሱን ረስቶታል። አባላቱ ደግሞ ነገ ጠዋት ይህንኑ ናሙና ይከፍታሉ፣ ልኩን በየሕንጻቸው ልክ ይለውጣሉ፣ ምሰሶውንም በዚያው ያሰላሉ። ሰው የሚተኛበት ቤት ምሰሶ።

ላፕቶፑን ይዛ ወደ ሰብሳቢው ሄደች። ናሙናውን የሠራው እሱ ነው፤ ዛሬም አቅርቦት ያስጨበጨበው እሱው ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው፤ ተሳስተሻል እንዲላት በልቧ እየለመነች። እሱ ግን ላፕቶፑን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ቀድሞውንም ያውቅ ኖሯል።

የኮንክሪቱን ክብደት በአንድ አሮጌ ሥራ ላይ በእጁ አስገብቶ ፕሮግራሙ እንዳይቆጥረው ዘግቶት እንደነበር፣ መልሶ መክፈቱን እንደረሳው፣ ብስኩቱን እያኘከ ነገራት። የተስተካከለውን በቡድኑ ገጽ ላይ በዚያው ስም ትተካዋለች፤ መልእክት መላክ ግን አያስፈልግም አላት። በሚቀጥለው ወር የሰብሳቢ ምርጫ አለ። ዛሬ ያወረዱትስ አለችው። መሐንዲስ ከሆኑ ያዩታል፣ ካላዩት ጥፋቱ የራሳቸው ነው ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ጣቱን በምላሱ አረጠበና የተሰብሳቢዎቹ የፊርማ ወረቀት ላይ የረገፈውን ፍርፋሪ እየለቀመ በላ። ከንፈሩ ላይ አንዲት ፍርፋሪ ቀረች፤ ሲናገር አብራው ትነቃነቃለች። 

«ደግሞ እህቴ» አለ፤ «የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ልጅሽ ባለፈው ሳምንት ነግራኛለች። እሷ አዋቂ ናት፣ ነገር አታበዛም። ከእሷ ተማሪ።»

የልጇ አለቃም እሱ ነው። የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ በረንዳው ላይ እጠብቃችኋለሁ ብሎ ወጣ።

ልጅቱ ገመዱን መጠቅለል አቁማለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ነግሬዋለሁ እኮ፣ እማ። አለቃዬ ነው። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። ልክ እንደ እሱ።

ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ እናት ያልፈራችው ነገር የለም። ትኩሳቱን፣ መኪናውን፣ የምድጃውን እሳት፣ ከመንገድ ዳር የሚቆሙትን ወንዶች። ይህን ግን አንድ ቀን ፈርታው አታውቅም። ልጅቱ ከጎኗ ቆማ፣ እያወቀች፣ እናቷ ፋይሉን ስትልክ አይታለች። እንዲያውም ሳይላክለት የቀረ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቃት ነበር። 

እናት ወንበር ሳበችላት። «ተቀመጪ። ጻፊ።»

«ያባርረኛል።»

«ያባርርሽ።»

ልጅቱ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ጻፈች። እናት ከኋላዋ ቆማ ታነባለች። ዛሬ በተላከው ናሙና ፋይል ላይ አነስተኛ ማስተካከያ፣ ይላል።

«አነስተኛ የምትለዋን አጥፊያት።»

አጠፋች። የሕንጻው የራሱ ክብደት አልተቆጠረም፣ በፋይሉ እንዳትጠቀሙ፣ የተጠቀማችሁም ሥራችሁን እንደገና አስሉ ብላ ጻፈች። ከሥሩ የማንን ስም ላድርግ ብላ ጠየቀች። እናት የሁለታችንንም አለቻት፤ ስሕተቱን ያየሽበትን ቀንም ጨምሪ።

«እሱን ተይልኝ፣ እማ።»

እናት ቦታውን በጣቷ አሳየቻት። ልጅቱ ቀኑን ጻፈች። የመላኪያውን ቁልፍ የተጫነችው እናት ናት።

በረንዳው ላይ ሲደርሱ ሰብሳቢው ስልኩን ይዞ ቆሟል፤ እሱም አባል ነውና ደርሶታል። የስልኩ ብርሃን አገጩን ከሥር አብርቶታል። እናትን በዓይኑ አለፋት። ለልጅቱ ብቻ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጠዋት ቢሮዬ ግቢ» አላት።

ልጅቱ እንደ ወትሮው የእናቷን ክንድ ልትይዝ ተጠጋች። እናት ቦርሳዋን ከወዲያኛው ትከሻ አውርዳ በወዲህኛው አንጠለጠለችው፤ በመካከላቸው። ሰብሳቢው የአዳራሹን መብራት አጠፋ፣ በሩን ሳበው፣ ቆለፈው።