ሦስተኛው መታጠፊያ

ስሜነሽ ቅጹ ላይ ፈርማ ለሰብሳቢው መለሰችለት። አንድ ቡድን ሮቦቱን በሌላ ሰው አሠርቶ በመገኘቱ ከውድድሩ ተሰርዟል ይላል ቅጹ። ከባሕር ዳር ለዳኝነት ተጠርታ ሞጣ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከተሰረዘው ቡድን አንዷ ልጅ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች ቀረበቻት።

"ቲቸር፣ እርስዎ ተሰርዘው ያውቃሉ?"

"አዎ" አለች ስሜነሽ። "እዚሁ ሞጣ።"

"ምን አጥፍተው?"

ስሜነሽ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠየቀችና ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትመጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አብረዋት የመጡት የፊዚክስ መምህሯ ዘመነና የክፍል ጓደኛዋ ስጦታው ናቸው። ስጦታው የቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። ሮቦቷን የጫማ ካርቶን ውስጥ አድርገው፣ በየተራ ጭናቸው ላይ እየያዟት ነበር የመጡት።

ደንቡ ቀላል ነበር። ሮቦቷ መሬት ላይ የተሰመረውን ጥቁር መስመር ማንም ሳያዛት ራሷ ተከትላ መጨረስ አለባት። በልምምድ ጊዜ ግን ሁለቱም በየስልካቸው ይነዷት ነበር፤ ለዚህም ሆዷ ውስጥ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ተገጥሞላታል። መምህር ዘመነ ከውድድሩ በፊት እንዲነቀል አዘዋል። መንቀሉ የስጦታው ሥራ ነበር።

በውድድሩ ጠዋት ስሜነሽ ባትሪ ልትቀይር ክዳኑን ስትከፍት መቀበያው ካለበት አልተነሣም። ስጦታው ረስቶት ይሆናል ብላ አሰበች። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችም።

ሮቦቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መታጠፊያዎች በሚገባ አለፈች። ሦስተኛው ላይ መስመሩን ሳተች። ስጦታው ከሜዳው ማዶ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ስሜነሽ ስልኳን ሹራቧ ሥር ይዛለች። ሮቦቷ ጭራሽ ልትወጣ ስትል የግራውን ቀስት በአውራ ጣቷ ተጫነች። ሮቦቷ ወደ ግራ ዞራ መስመሩ ላይ ገባች። ተመልካቹ አጨበጨበ።

አንደኛው ዳኛ አላጨበጨቡም። ሮቦቷን አንሥተው ክዳኗን ከፈቱ፤ መቀበያውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለሁሉም አሳዩ።

"ማን ነው የነዳት?"

ስሜነሽ ስልኳን ሹራቧ ሥር አጥብቃ ያዘች። ስጦታው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁን አወጣ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ቡድኑ ተሰረዘ። ስጦታው ደግሞ ዳግመኛ እንዳይወዳደር ታገደ፤ ስሙም በድምፅ ማጉያ ተነገረ። መምህር ዘመነ ወደ ቢቸና ሲመለሱ ካርቶኑን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ይዘው ሄዱ።

ወሬው ቢቸና ከገባ በኋላ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በጓሮ በኩል ሆነ። ስሜነሽ ጎረቤታቸው ስለሆነች በየማለዳው ታያቸዋለች። አንድ ቀን ሁሉን ልትነግራቸው ወጥታ፣ "እንዴት አደሩ አባ?" ብላ ብቻ ተመለሰች። ለንስሐ አባቷ ተናግራ እንዳይቀልላት፣ የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ።

በዓመቱ ከሌላ ተማሪ ጋር ቡድን መሥርታ ተወዳድራ አሸነፈች። በዚያው ሰበብ ለክረምት ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደች፤ ኋላም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምሕንድስና ተማረች። ስጦታው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢቸና ውስጥ የሞተር ጥገና ሱቅ ከፈተ። የተመረቀች ቀን ጋዋኑን ስትለብስ እንኳ የሰው ልብስ የለበሰች መሰላት። ቤተሰብ ልትጠይቅ ቢቸና ስትመጣ በሱቁ ደጅ ላለማለፍ በሌላ መንገድ ትዞራለች።

አሁን ግን ከሚኒባሱ ወርዳ በቀጥታ ወደዚያው ሄደች። ስጦታው የወፍጮ ሞተር ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቷል። ሲያያት ብድግ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገና በርጩማ አቀረበላት።

"በደኅና ነው?" አለ።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"የምን ይቅርታ?"

"ያን ቀን ሞጣ ላይ ሮቦቷን የነዳኋት እኔ ነበርኩ። ስልኬን ሹራቤ ሥር ደብቄው ነበር። አንተም አይተኸኛል። አይተኸኝ ነው ለኔ ብለህ የተሸከምከው።"

ስጦታው የያዘውን ጨርቅ አጣጠፈ።

"ሰባት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ በአንተ ዕድል ኖርኩ" አለች። "ከዚህ በቀጥታ አባትህ ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ መምህር ዘመነን እፈልጋቸዋለሁ።"

"አባዬ ዘንድ አትሂጂ።"

"እሄዳለሁ። ልጃቸው ንጹሕ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።"

ስጦታው መሬት ላይ ከተዘረጋው ሞተር አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ብሎን አንሥቶ በጣቶቹ መሃል ሲያሽከረክር ቆየ።

"ቀስቱን ስትጫኚ" አለ፣ "ስልክሽ 'ተገናኝቷል' የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር?"

"ስልኩን መቼ አየሁት? ሹራቤ ሥር እንዳለ ነው በዳበሳ የተጫንኩት።"

"መቀበያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ስልክ በላይ አይቀበልም፣ ስሜነሽ።"

"እና?"

ስጦታው አንገቱን ደፋ።

"ከጠዋት ጀምሮ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከነበረው ከኔ ስልክ ጋር ነበር የተገናኘው።"