ሽታ የሌለው ቀለም

ባለቤቴ በቀለም ሽታ ታስል ነበር፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ቀለም ቅብ ነው። ከተቀበረች በኋላ የመኝታ ቤታችንን ወለል ልቀባ፣ ሽታ የሌለውን፣ አየር የማይበክለውን፣ ዕድሜ ልክ አይላቀቅም የሚባለውን አዲሱን ቀለም ይዤ መጣሁ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ እህቷ።

ዕቃውን በሙሉ ወደ ሳሎን አወጣን። ወለል የሚቀባው ከውስጠኛው ግድግዳ ጀምሮ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ነው፤ እንደዚያው አድርጌ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።

ከባዶው ክፍል ሳል ተሰማ። እህቷ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ይሄኛው እኮ አይሸትም» አልኩ ወደ በሩ ዞሬ፣ እንደ ልማዴ።

«እሱስ አይሸትም» አለች ባለቤቴ ከውስጥ። «ግን እኔ ሳልወጣ ነው የቀባኸው።»